ጳጉሜን የሌለው መጽሐፍ

በዚህ ሰሞን አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር፣ ከፋሲሎ ሰፈር ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ መንገድ መሐል ወረድሁ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ጃንጥላ አልያዝሁም፣ የምሄድበትም ቦታ ገና ነው። ነጂው ልጅ፣ አባባ ገና እኮ አልደረስንም ቢለኝ፣ ግድ የለም ብዬ ከፍዬው ወረድሁና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምሁ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የሬዲዮው ነው። ድምፅዋ ማር የሆነ አንዲት ወጣት በዛሬው ቀን በዓለም ምን እንደሆነ እያነበበች ነበር። በዛሬዋ ዕለት፣ ሐምሌ ዐሥራ ሦስት ቀን፣ የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ አረፈ አለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈችም። እኔን ከባጃጅ ያስወረደኝ ይኸው ልክ መሆኗ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮቴ የውስጥ ኪስ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። ባለቤቴ ውዴ በእጇ ጽፋ፣ የመቃብር ድንጋይ ለሚጽፈው ሰውዬ አድርስልኝ ያለችኝ ነው። ልጆቻችን ተሰባስበው ቆላ ድባ ለተቀበሩት አያታቸው፣ ማለት ለውዴ አባት፣ የእብነ በረድ ድንጋይ ሊያቆሙላቸው ነው። ወረቀቱ ላይ ስማቸው አለ፣ አጭር የጸሎት ቃል አለ፣ ከሥር ደግሞ ያረፉት ሐምሌ 20 ቀን ነው ይላል። ይህ ቀን ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑን እኔ ከአርባ ዓመት በላይ አውቃለሁ፤ ውዴ አታውቅም። ቀኑን የሰጠኋት ደግሞ እኔው ነኝ። በንፍሮና በጠላ ሲታሰብ እስካሁን እንደምንም አለፈ፤ ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ግን እኔም እሷም ካለፍን በኋላ የልጅ ልጆቻችን እያነበቡት ይኖራሉ። በረንዳው ሥር ቆሜ፣ እንግዲህ አንተ ይስማው፣ ዛሬ መናገርህ ነው አልሁ ለራሴ። ከዚያ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ብቆም፣ ሐሳቤ እኔን ጥሎ ወደ ድሮው ነጎደ።

ያኔ ወጣት የታሪክ መምህር ነበርሁ። ባሕር ዳር እንደዛሬው አልተዘረጋችም፤ ከዘንባባው መንገድ ጥቂት ወጣ ካሉ ሣርና ረግረግ ነው። ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ከተማው በሙሉ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ሰዓት ያለው ማለቴ ነው። እኔ ሰዓት አልነበረኝም፤ ነገር ግን ከታች ሰፋ ያለ፣ ሲራመዱ ጫማ የሚደብቅ ቴትሮን ሱሪ ነበረኝ። የጫማዬን ሁኔታ ላየ ሰው መደበቁ ደግ ነበር። ጠጉሬም፣ አሁን አትዩት፣ ዝናብ የማያስገባ ጎፈሬ ነበር። ሐይቁ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ሻይ በዳቦ በስሙኒ እንጠጣለን፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ በሽልንግ ይመጣልናል። ከወዲያ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ሲያንጎራጉሩ ይሰማል፤ ከወዲህ የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ አንዱን የክራር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፤ ካሴቱ አንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አምና ልጄ እዚያው ቦታ፣ ዛሬ ትልቅ ሆቴል ሆኗል፣ ወስዶ ዓሣ ጋበዘኝና ሒሳቡን ሊያሳየኝ አልፈለገም። ጥሩ ልጅ ነው።

በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የሚባል ነገር ተቋቁሞ ነበር። አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንዱን ሽቦ አንድ ሰው በእጁ ካልያዘው የማይናገር። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ለተማሪው በዚህ ቀን በዓለም ምን ሆነ የሚለውን የማነብ እኔ ነበርሁ። ከየት አመጣኸው ብትሉ፣ ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ፈረንጅ መምህር ጥሎት የሄደ ወፍራም መጽሐፍ አግኝቼ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ ገጽ ያለው፣ በዚያ ቀን የሆነውን ጦርነት፣ የተፈጠረውን መድኃኒት፣ የተወለደውን ንጉሥ የሚዘረዝር። ማታ ማታ እየተረጎምሁ ጠዋት አነባለሁ። ጉዴን እንግዲህ ስሙ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጃንዋሪ ማለት ጥር፣ ጁላይ ማለት ሐምሌ እየተባልሁ ነው ያደግሁት፤ እኔም እንደዚያው ነው ያስተማርሁት። ስለዚህ ጁላይ ሃያ የሚለውን ገጽ ሐምሌ ሃያ ብዬ ነው የምወስደው። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በሰባትና በስምንት እንደሚለይ አውቃለሁ፣ ተማሪም ፈትኜበታለሁ። ቀኑም ይለያል ብዬ ማሰብ ግን አልመጣልኝም። የሠላሳ አንደኛው ቀን ገጽ ሲመጣ እንኳ፣ እኛ ዘንድ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን የለምና፣ ከሚቀጥለው ቀን ጋር ደርቤ አነበዋለሁ። ፈረንጅ ወር ያስረዝማል፣ ምን ይደረግ እል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያ ሁሉ ተማሪ የዓለምን ታሪክ ሳምንት እያዘገየ ሰማ።

ውዴ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆና የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ቀጭን ናት፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ የጽሕፈት መኪናውን ሳታይ ትመታለች። ጠዋት እኔ ሳነብ የቢሮዋን መስኮት ከፍታ እንደምትሰማ አውቅ ነበር፤ ስለዚህም ድምፄን ትንሽ አወፍራለሁ። በግንቦት ገደማ የፈተና ወረቀት ላስመታ ስገባ፣ መምህር፣ በመጽሐፍህ ውስጥ ሰው ጨረቃ ላይ የወጣበት ቀን አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኋት፣ ለምን ፈለግሽው? ሥራዋን አቁማ ነገረችኝ። አባቷ አቶ ካሴ የእህል ነጋዴ ነበሩ። እሷ ነፍስ ሳታውቅ፣ አንድ ክረምት ቆላ ድባ ለንግድ ሄደው ንዳድ ያዛቸውና እዚያው ሞተው በዕለቱ ተቀበሩ። እናቷም ብዙ አልቆየች፤ አክስቷ ናቸው ባሕር ዳር ያሳደጓት። ቀኑን የሚያውቅ ሰው አልተረፈም። አድጋ ደመወዝ ስታገኝ የአባቷን ሙት ዓመት ለማውጣት ፈለገችና፣ አብረዋቸው የነገዱትን ሐጂ ይማምን አፈላልጋ ወረታ ድረስ ሄደች። ሐጂ፣ ቀኑን አላስታውሰውም ልጄ፣ እኔም ታምሜ ነበር አሏት። አንድ ነገር ግን አልረሱም። ከቀብር ሲመለሱ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ሬዲዮ ይሰማል። ሬዲዮው ሰው ጨረቃ ላይ ተራመደ ይላል፤ ሰዎቹ አንሰማም፣ ውሸት ነው እያሉ ይስቃሉ፤ ሐጂ እዚያው ቆመው ያለቅሳሉ።

እኔ በዚያ ክረምት ዘጌ አባቴ ዘንድ ዳዊት የምደግም ልጅ ነበርሁ፤ የጨረቃው ወሬ እኛ ጋ የደረሰው ለመስቀል ነው። ስለዚህ ከራሴ የማስታውሰው ቀን አልነበረም። መጽሐፉን አምጥቼ እሷ ፊት ገለጥሁ፤ ጁላይ ሃያ ይላል። ሐምሌ ሃያ ነው አልኋት፣ እንደ ሊቅ ረጋ ብዬ። ውዴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ አባቷ የሞተበት ቀን ሳታውቀው ሲያልፍ ኖሮ፣ ለካ ቀን ነበረው። መሐረቤን ሰጠኋት። ያ መሐረብ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ ሲመለስልኝ ነገሬ አለቀ።

በዚያ ሐምሌ ሃያ አክስቷ ቤት ድግሱ ተደገሰ። ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተጋግሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያሉ ነዳያን ሁሉ ተጠርተው በሉ። አክስቷ እጄን ይዘው ከካህናቱ ጎን አስቀመጡኝ፤ የካሴን ቀን ያገኘልን እሱ ነው እያሉ ለገባው ሁሉ አሳዩኝ። የተመረቅሁትን ምርቃት አስቤ ዛሬም እሸማቀቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ማታ ከሥራ ስንወጣ ሐይቁን ታክከን መሄድ ጀመርን። ፔሊካኖቹን እናያለን፣ በቆሎ በመንገድ አስጠብሰን እንበላለን፣ እሷ ታንኳ ትፈራለች፣ እኔ አልፈራም እላለሁ። ደስ የሚል ዘመን ነበር፤ ደስ አይልም ነበር ብል እዋሻለሁ። በጥር ሽማግሌ ሊሆኑልኝ አባቴ መርጌታ ከዘጌ በታንኳ መጡ።

አባቴ ባሕረ ሐሳብ አስተማሪ ናቸው፤ የጾሙንና የበዓሉን ቀን በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ለመቶ ዓመት ወደፊት የሚነግሩ። መጽሐፌን ላኮራቸው ብዬ አወጣሁት። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን ገጹን እያገላበጡ ወሮቹን በቅደም ተከተል አስቆጠሩኝ። ዐሥራ ሁለቱን ጨረስሁ።

«ጳጉሜንሳ?» አሉኝ።

ጳጉሜን የላቸውም አልኋቸው። ታዲያ አምስቱን ቀን የት አደረሱት አሉ። አንዳንዱ ወራቸው ሠላሳ አንድ ነው አልሁ። አባቴ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና፣ እንግዲህ የእነሱ ሐምሌ የእኛ ሐምሌ አይደለማ አሉ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ሰዎቹ ጨረቃ ላይ ያረፉት በእኛ ሐምሌ ዐሥራ ሦስት ማታ ነው፤ የተራመዱት ሊነጋጋ ሲል፤ ሬዲዮው ያወራው በነጋታው። ሐጂ ይማም ከቀብር ሲመለሱ የሰሙት፣ አቶ ካሴም ያረፉት፣ ሐምሌ ዐሥራ አራት ነው ማለት ነው። ስለ ውዴ አባት የነገርኋቸው እዚያ ላይ ነው። አባቴ መጽሐፉን ዘግተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ የሟች ቀን ነው። ሳታገባት ንገራት» አሉኝ። እሺ አልኋቸው።

የሚኒ ሚዲያውን ስሕተት ለማረም አንድ ማታ ብቻ በቃኝ፤ ስምንት ቀን ዘልዬ ቀጠልሁ። በእነዚያ ስምንት ቀኖች ዓለም ላይ ምንም ሳይሆን ቀረ፤ የጠየቀኝ ተማሪም የለም። ለውዴ ግን አልነገርኋትም። ከሠርጉ በፊት ብነግራት ትተወኛለች ብዬ ፈራሁ። ከሠርጉ በኋላ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይዣት ሄድሁ፤ እዚያ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ውኃው ውስጥ ሆና ስትስቅ፣ ደግሞ ያን የመሰለ ሳቅ ስትስቅ አይቼ፣ ሳልነግራት ተመለስን። ከዚያ የመጀመሪያዋ ልጃችን ተወለደች፤ በአራስ ቤት እንዴት ይነገራል። ከዚያ ቀኑ ተለመደ፤ ነዳያኑ ሐምሌ ሃያን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የገዛ አባቴ ካረፉ ወዲህ ግን ሙት ዓመታቸውን አንድ ቀን ሳላዛንፍ ነው የማወጣው፤ ያን ቀን ምግቡ አይወርድልኝም። ሐምሌ በገባ ቁጥር ሬዲዮ አጠፋለሁ፤ ባትሪው አልቋል፣ ጆሮዬን ያመኛል እላለሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው አንድ ቀን እራት ላይ ሰው ጨረቃ ላይ የወጣው ጁላይ ሃያ ነው ሲሉ ትንታ ሊገድለኝ ነበር። ውዴ ምን አለች መሰላችሁ፣ ሃያ መሆኑን አባታችሁ ድሮ ነግሮኛል አለች፣ ኮራ ብላ። ከዚያ ወዲያ እንኳን ልናገር፣ ቀና ብዬም አላየኋት።

ዝናቡ አባራ። ወደ ድንጋይ ጸሐፊው አልሄድሁም፤ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ውዴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከጎኗ ለሃያው የሚሆን ጠላ ተጠንስሶ ጋኑ በጨርቅ ታስሯል። አደረስህ ወይ አለችኝ። አላደረስሁም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁና ከመጽሐፉ ጀምሬ እስከ ባጃጁ ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። ስጨርስ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ሳንጋባ።»

«አባትህም ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ንገራት ብለውኝ ነበር።»

«እሳቸው ሰው ነበሩ» አለች። ቀጥላም፣ ንግግሯን መቼም አልረሳውም፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ግቢው እያየች፣ «አባቴን በየዓመቱ ስድስት ቀን አስጠበቅሁት ማለት ነው» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ቁጣዋን ነበር፤ ይህን አልፈራሁም ነበር። ይቅር በይኝ አልኋት። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። አክስቷ ልጅ ዘንድ ሄዳ ይሆናል፣ ልጆቹ ዘንድ ሄዳ ይሆናል እያልሁ ደጅ ደጁን ሳይ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዱቄትና ስንዴ አስይዛ ተመለሰች። ነገ ዐሥራ አራት ነዋ። ማታውን ሊጥ ስታቦካ፣ ንፍሮ ስትቀቅል ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ውኃ ቅዳልኝ ለማለት ብቻ ነው። ቀዳሁ። ከዚያ ሳትጠይቀኝም ቀዳሁ።

በማለዳ ተነሥታ ወረቀቱን አምጣ አለችኝ። ከኮቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሃያ የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ከላዩ 14 ብላ በዚያ በታይፒስት ጥንቃቄዋ ጻፈችና መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዳቦውን እኔ ተሸክሜ፣ ንፍሮውን እሷ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ጠላ አልደረሰም፣ ካህናት አልተጠሩም፣ ከደጀ ሰላሙ ሥር ላሉት ብቻ ነው። እያንዳንዱን፣ አባቴን ካሴን ነፍስ ይማር በሉልኝ እያለች በእጇ ሰጠች። እኔ እቆርሳለሁ። አባ ይርዳው የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ፤ ሐምሌ ሃያ ከእኛ ቤት ቀርተው አያውቁም። ድምፅዋን ለይተው ዳቦውን እንደያዙ ቆም አሉ።

«ወይዘሮ ውዴ፣ ያባትሽ ሃያ አልነበረም እንዴ? ዛሬ ገና ዐሥራ አራት ነው።»

«የአባቴስ ዛሬ ነው፣ አባ» አለቻቸው። «ሃያው የባለቤቴ ነው።»

አባ ይርዳው ደነገጡ። ዳቦውን ዝቅ አድርገው፣ ምነው፣ መምህር ይስማው አረፉ እንዴ አሉ። እኔ ከጎኗ ቢላዋውን እንደያዝሁ ቆሜያለሁ። ውዴ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ገና ናቸው» አለች። «ቀኑ ግን ተይዞላቸዋል፤ ጠላውም ተጠንስሷል። እርስዎ እንደ ሁልጊዜው ይምጡ።»